የአሰብ መንገድ በፍራንክፈርት ሲያልፍ

ኢትዮጵያና ኤርትራ "ወንድማማች ሕዝቦች" ናቸው የሚለውን አነጋገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሬዲዮ ላይም ብሰማው፣ ሰርግ ላይ ሞቅ ያለው ሰው ተነስቶ ቢለውም ያው ነው። ወንድማማች አይደለንም። ወንድማማች ብንሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። እኛ ሻጭና ገዢ ነን። አንዱ ባሕሩን ይዞ፣ ሌላው ተራራውን ይዞ፣ ለብዙ መቶ ዓመት አንድ መንገድ ላይ ስንመላለስ፣ አንዱ በሌላው ቤት ሲያድር፣ አንዱ ለሌላው ኬላ ሲቀርጥ የኖርን ሰዎች ነን። ጨው ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡና፣ ማርና ቆዳ ወደ ታች ይወርዳል። ባለ ጨው "እኔ ባልኖር ወጥህ አልጫ ነበር" ይላል። ባለ ማር ደግሞ "እኔ ባልገዛህ ጨውህን ስትልስ ትኖር ነበር" ይላል። እንዲህ ያለው ዝምድና ከሥጋ ዝምድና ይጠብቃል፤ ሲበጠስም የባሰ ያማል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በአንድ ሽማግሌ ወጥ ቤት ነው። የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ሌላ ሰው ናቸው።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የቆምንበት ወረፋ ላይ ነው። እኔ ኤርፖርት ጭነት አራግፋለሁ። የምኖረው ጉትሎይትፊርቴል፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ በሚንቀጠቀጥበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸው በከተማው ዳር፣ ኒድ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። ብዙ ዓመት ኬሚካል ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። የአሰብ ሰው ናቸው፤ ኤርትራዊ፣ ሙስሊም። አማርኛቸው ግን ከእኔ ይበልጥ የጠራ ነው። "ትምህርት ቤት የገረፉኝ በአማርኛ ነው፤ እንዴት ብዬ እረሳዋለሁ?" ይሉ ነበር።

ወረፋው ላይ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከኮምቦልቻ አልኳቸው።

"የማን ልጅ?"

"አባቴ ሾፌር ነበሩ።"

"ምን ይነዱ ነበር?"

"ኤንትሬ። ባለ ተሳቢ። በአሰብ መስመር።"

"ከመስታወቱ በላይ ምን ተጽፎበታል?"

መኪናው ግንባር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ነገርኳቸው። ሽማግሌው መኪናውን አወቁትና ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ወረፋው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቁ። እሳቸውም ከመሰደዳቸው በፊት ያንኑ መንገድ ሲነዱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። አባቴ አሰብ ሲያድሩ የሚያርፉት በእኚህ ሰው ወላጆች ግቢ፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሜዳ ላይ በተዘረጋ አልጋ ነበር። ያ ግቢ ለሾፌር ከመሆኑ በፊት ለሲራራ ነጋዴ ማደሪያ ነበር። አያታቸው ከባቲ የሚወርደውን ነጋዴ ይቀበሉ፣ ግመሉን ያሳርፉ፣ ጨውን ይሸምቱለት ነበር። ግመል የረገጠውን መንገድ ጣልያን አሰፋው፤ ግመሉ ሄደና መኪናው መጣ። የሚመላለሰው ሰው ግን የዚያው ሰው ልጅ፣ የሚያድርበትም ቤት ያው ቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አባባ" አልኳቸው። እሳቸውም "የሾፌሩ ልጅ" አሉኝ፤ እየቆየ ደግሞ "ልጄ" ሆንኩ።

የአሰብን መንገድ የሚያውቅ ሰው ዳጉን ያውቃል። አፋሮች በረሃ ላይ ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ግመሉን አቁመው ቁጢጥ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ውኃው የት ደረቀ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ በየት በኩል እንግዳ ሰው ታየ። ሲጨርሱ ተራ ይለዋወጣሉ። በዓይን የታየው ታየ፣ በጆሮ የተሰማው ተሰማ ተብሎ ተለይቶ ነው የሚነገረው። በዳጉ የዋሸ ይቀጣል። ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሰው አለመኖሩ ነው። ውኃ አለ ተብሎ የሄደ ሰው ውኃ ካጣ ይሞታላ! የመስመሩ ሾፌሮች ይህን ልማድ ከአፋሮቹ ወረሱ። ማንዳ አካባቢ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ ሞተር ጠፍቶ፣ ከበር በር ወሬ ተለዋውጦ ነው መለያየት። አባቴ ነገር ሲያከብዱ "ይህን ዳጉ ነው የምነግርህ" ይሉኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀልድ የለም።

እኔና አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳጉ እንቀመጥ ነበር። በአሥራ አንድ ቁጥር ትራም ኒድ እወርዳለሁ፤ ወጥ ቤታቸው ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ይቀዳል። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር። እኔ ስለ ፈረቃ አለቃዬ ስድብና ስለ ጎረቤቴ ውሻ እናገራለሁ። እሳቸው ደግሞ ኮስተር ብለው ይጀምራሉ።

"ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ነበረኝ፤ በቀጠሮዬ ሄድኩ። 'ልብህ ደክሟል' አለኝ፤ ይህን ሰማሁ። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ ይህን አየሁ። እንግዲህ ከሁለቱ የቱን እንደምታምን አንተ ታውቃለህ።"

ኤርትራ የነጻነት ድምፅ የሰጠች ጊዜ እዚሁ ፍራንክፈርት ድምፅ ሊሰጡ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ካፖርታቸውን ይዤ ደጅ ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። እኔ አኩርፌያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬ ብጠየቅ ማስረዳት የማልችለው ኩርፊያ። ትክ ብለው አዩኝና፣ "ቤት ተለያየን እንጂ መንገድ አልተዘጋ፤ ፊትህን ፍታ" አሉኝ። እውነትም ለጥቂት ዓመት መንገዱ ክፍት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሲገባ ማረፊያ ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የአባባ እህት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከመርካቶ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አባባ ስልክ አንስተው በትግርኛ ጥቂት ተናገሩና ዘጉ። "ያንተ ወንድም ማለት የሾፌሩ ልጅ ማለት ነው፤ ክፍል አለው አልኳት" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ወንድሜ አራት ዓመት እዚያ ግቢ ኖረ። አገባ፣ ወለደ። እኚህን ሴት እኔ በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ በስልክ ግን "እትዬ" እላቸዋለሁ፤ ለወንድሜ እንደ እናት ነበሩ። ስኳር ነበረባቸውና መርፌያቸውን ከፋርማሲ የሚያመጣላቸው እሱ ነው። ሚስቱ ስትወልድ ያረሷት እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ማን ለማን ምን እንደነበረ እንዲታወቅ ነው፤ በኋላ የሠራሁት ሲመጣ እንዳይቀልብኝ።

ከዚያ ሁለቱ መንግሥታት ገንዘብ ለዩ። ድንበር ላይ ሸቀጥ መፈተሽ፣ ቀረጥ መጣል መጣ። አንዱ "ወደብህን በስንት ታከራየኛለህ" ይላል፤ ሌላው "እህልህን በስንት ትሸጥልኛለህ" ይላል። ጋዜጣው ስለ ሉዓላዊነት ይጽፋል። አባባ ጋዜጣውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "ነጋዴ ሲጣላ መጀመሪያ ሚዛኑን ይለያል። ቀጥሎ ኬላ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የሰው ልጅ ወደ ጦር ይልካል" አሉ። እኔ ሳቅኩ። በግንቦት ጦርነቱ ተጀመረ።

ፍራንክፈርት ጦርነት አልነበረባትም፤ እኛ ግን አላጣነውም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሁላችንም የምንበላበት አንድ ምግብ ቤት ነበር፤ በሳምንቱ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ፤ በወሩ ኤርትራውያኑ ጨርሰው ቀሩ። በዓል ሲሆን ቤቷ እየጠራች የምታበላኝ ሴት ትራም ውስጥ አይታኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጇ "ሀሎ ኦንክል!" ብሎ አጎቴ ሲለኝ እጁን ጎተተችው። ልጁ በጀርመንኛ "ለምን?" ብሎ ጠየቃት። በሚቀጥለው ማቆሚያ ይዛው ወረደች።

በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ ተቆረጠ። ከአዲስ አበባ አስመራ መደወል ቀረ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት አስመራ ግን ይደወላል። አዲስ አበባ ኤርትራዊ የተባለው እየተለቀመ በአውቶቡስ ድንበር ይወሰድ ጀመር። ሰው አባቱ ይሙት ይዳን የሚያውቀው ከእኛ ሆነ። የአዲስ አበባውን እኔ እቀበላለሁ፤ የአስመራና የአሰቡን አባባ ያደርሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ በዚያኑ ዕለት፣ በስም በስም እንነጋገራለን። "የእገሌ ልጅ በቡሬ በኩል ድንበሩን አልፏል፤ ይህ የታየ ነው።" "የእገሊት ባል እስር ቤት ነው፤ ይህ የተሰማ ነው።" ደስ ይላል ማለት ነውር ነው፤ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ያህል ሰው የሆንኩበት ጊዜ የለም። አባባም፣ "አያቴ በግመል በሁለት ወር የሚያደርሰውን እኛ በዚህች የስልክ ካርድ፣ በቴሌፎንካርተ፣ በአንድ ቀን እናደርሳለን። መንገዱ አልተዘጋም ልጄ፤ በፍራንክፈርት ዞረ እንጂ" ይሉ ነበር።

በሐምሌ ወር፣ አንድ ቀን ሐሙስ፣ ከጠዋት ፈረቃ እንደተመለስኩ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

"እትዬን ወሰዷቸው" አለኝ። "ትናንት ጠዋት። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ አስገብተዋቸዋል፤ ከነገ ወዲያ በአውቶቡስ ይሄዳሉ አሉ። መልእክት አለ፤ በአጥሩ በኩል ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል።"

"በል።"

"'ለወንድሜ ይንገርልኝ። በቡሬ በኩል አሰብ ነው የሚያወርዱን። የአክስታችን ልጅ መግቢያው ላይ ይጠብቀኝ። ሰፈር ቀይሯል፣ አዲሱን ስልኩን የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነው። የያዝኩት መርፌ ለአሥር ቀን ነው።' ይኸው ነው።"

ይህን ሲናገር አለቀሰ፤ በእሱ ላይ አልዋሽም። ካለቀሰ በኋላ ነው "ግን" ያለው። ቀበሌ የሚያውቀው ሰው አለ። የቀበሌ ቤት ነውና፣ ከመታሸጉ በፊት ኪራዩን በእሱ ስም ሊያዞርለት ቃል ገብቷል፤ ሁለት ሳምንት ቢበዛ ነው። አባባ ከሰሙ ግን መርካቶ ላለው የእህታቸው ወዳጅ ውክልና ይልካሉ፤ ቤቱም ወደዚያ ይሄዳል።

"እኔ ሚስትና የአርባ ቀን ልጅ ይዤ በዚህ ክረምት የት እወድቃለሁ? እሳቸው እንደሁ ሄደዋል፤ አይመለሱም። አንተ ብትነግራቸው ባትነግራቸው አውቶቡሱ አይቆምም" አለኝ።

መንገር ቤቱን ያሳጣዋል፤ አለመንገር ግን ሴትዮዋን አይጎዳም፤ እንዲህ ነው ያሰላሁት። አሰብ ትልቅ ከተማ ነው፣ ሐኪም አይጠፋም፣ አሥር ቀንም ረጅም ነው እያልኩ ራሴን ደለልኩ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባል የለ? ወንድሜን መረጥኩ። መምረጤን እንኳ ለራሴ አልነገርኩም፤ "ትንሽ ይቆይ" ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ኒድ ወረድኩ። ሻዩ ተቀዳ። እንደ ወጉ የሰማሁትን በስም በስም አወረድኩ፤ አንዱንም አላዛነፍኩም። ሰው አንድ ውሸት ሊናገር ሲል ዙሪያውን ምን ያህል እውነት እንደሚደረድር ያን ቀን አየሁ። አባባ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡ።

"እህቴስ? ስልኳ አይነሳም።"

"ደህና ናቸው። የሰፈሩ ስልክ ተበላሽቶ ነው።"

"አይተህ ነው ሰምተህ?"

"ሰምቼ። ከወንድሜ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ደረታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ተነስተው ሩዝ በዓሣ ሠሩልኝ፤ በላሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ በላሁ፤ ጣፋጭ እንደነበረ እንኳ አስታውሳለሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከመርካቶ አካባቢ ብዙ ሰው እንደተወሰደ ሰምተው ጠበቁኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቁኝ። "የእሳቸውን ሰፈር አልነኩም" አልኳቸው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይሉ ነበር የጥንት ነጋዴዎች። እውነታቸውን ነው፤ ሁለተኛው ምንም አልከበደኝም። ሻዬን ጠጥቼ፣ ስለ ኤርፖርቱ አውርቼ፣ ወጣሁ። ቀኑ አሥረኛ ቀን ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ቆጠርኩት፤ መርፌው ዛሬ አለቀ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ዞሬ ተኛሁ።

በተከታዩ ሐሙስ ወንድሜ ደወለ። ወረቀቱ ወጥቶለታል። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ፣ "ዛሬ ገና ሰማሁ" እላለሁ ብዬ ቃላቱን ሳዘጋጅ ዋልኩ። ዓርብ ከሰዓት የምንተዋወቅ አንድ የአስመራ ሰው ሥራ ቦታዬ መጥቶ፣ "ኒድ ለቅሶ አለ፤ የሽማግሌው እህት ናቸው" ብሎኝ ሄደ። ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ቡሬ አወረዳቸው። ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት የተፋጠጠበትን ሜዳ በእግር አቋርጠው፣ በዚያ ንዳድ፣ አሰብ ደረሱ። ከሌሎቹ ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ አሳረፏቸው። የአክስታቸውን ልጅ አስጠየቁ፤ በድሮው ሰፈር የለም። ሲመሽና ሲነጋ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ወደ ውስጥ ጥላ ግቡ ሲሏቸው፣ "ለወንድሜ መልእክት ልኬያለሁ። ከፍራንክፈርት ደውሎ ለአክስታችን ልጅ ይነግርልኛል። ዛሬ ይመጣል" ይሉ ነበር። መርፌውን ሙቀቱ ቀድሞ አበላሽቶት ነበር አሉ። የአክስታቸው ልጅ የሚኖረው ከመጋዘኑ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ያወቀው ሬሳ ሲለዩ ስማቸው ሲጠራ ነው።

ቅዳሜ፣ በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ትራም ሄድኩ። አለመሄድ አልቻልኩም፤ መሄዱም ድፍረት አይደለም፤ ብቀር ይነቃብኛል ብዬ ነው። ደረጃው በጫማ ተሞልቷል። ሳሎኑ ውስጥ ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስገባ ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አባባ ጥግ ላይ ነበሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያረጁ መሰለኝ። እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ቦታ አሳዩኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከፋብሪካው የሚያውቃቸው አንድ ትከሻው ሰፊ ሰው በትግርኛ ተናገረ። ቀጥሎ እኔ እንድሰማ በአማርኛ ደገመው።

"ሟቿ መልእክት ልካ ነበር። በቤቷ በሚኖረው ልጅ በኩል፣ እዚህ ፍራንክፈርት ላለው ወንድሙ። ሴቶቹ በጆሯቸው ሰምተዋል። ልጁ የማን ወንድም እንደሆነ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቃለን። መልእክቱ የት ቀረ?"

እኔ ምንጣፉን አያለሁ። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ለራሴም አላውቅም። በዚህ መሃል አባባ በአማርኛ፣ በዚያ በሚያምር የትምህርት ቤት አማርኛቸው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ነግሮኛል። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እዚሁ፣ ቃል በቃል ነግሮኛል። እኔ ነኝ ዛሬ ነገ ያልኩት። ከአክስቴ ልጅ ጋ በድሮ ነገር ተኳርፈን ነበር፤ ለመደወል ኩራት ያዘኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሰውየው አፍጥጦ አያቸው። "ወላሂ በሉ" አላቸው።

"ቤቴ ውስጥ አታስምለኝ" አሉት።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዓይን ሁሉ ከእኔ ላይ ተነስቶ እሳቸው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ይህን አየሁ እንጂ አልሰማሁም። በኩራቱ እህቱን የገደለ ሰው እንደሚታይ አዩአቸው። ሁለት ሰዎች ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታ የነፈጓቸው ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እኔ ያን ጊዜ "ውሸት ነው፣ አልነገርኳቸውም" ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል አይሞላም። አላልኩም። ትንፋሼ ሲመለስ ተሰማኝ፤ ደስታ የሚመስል ነገርም ሽው አለብኝ፤ ራሴን የምጠላው ከውሸቱ ይልቅ በዚያች ትንፋሽ ነው።

ልሄድ ስነሳ ጃኬታቸውን ለብሰው አብረውኝ ወጡ። "ሽማግሌ አይሸኝም፣ ይቀመጡ" ብሎ የተናገራቸው ነበር፤ አልሰሙትም። እስከ ትራሙ ማቆሚያ ድረስ ጎን ለጎን ሄድን። ማቆሚያው ላይ "አባባ…" ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

"ምንም አትበል። አያቴ ቤት የገባ ነጋዴ ሌባም ይሁን ነፍሰ ገዳይ፣ እስከ ከተማው ዳርቻ ድረስ በአያቴ ጥላ ሥር ነው። የሚፈልጉት ቢመጡ አያቴ ይዋሽለታል፤ ራሱ ይሸኘዋል። የአገሩ ሕግ ነው፤ ያለዚያ ማን ከደጋ ወርዶ ይነግዳል? ከዳርቻው ወዲያ ግን አያቴ ሰውየውን አያውቀውም።" የትራሙን ሐዲድ በከዘራቸው ጠቆሙኝ። "ዳርቻው ይኸውልህ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ሲያዩት የቆዩትን የትራም ሰዓት ሰሌዳ ትተው ወደኔ ዞሩ።

"ወንድምህ ቤቱን አገኘ?"

ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል። ሁለት ሳምንት የዋሸሁ ሰው ያን ጊዜ ውሸቱ ጠፋኝ።

"አገኘ።"

"ከነዕቃው?"

"ከነዕቃው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትራሙ ከሩቅ ይታይ ነበር። የምጠብቀው እርግማን ነበር፤ በረገሙኝ ብዬ ዛሬም እመኛለሁ።

"ትልቁ ክፍል፣ ከመስኮቱ በላይ፣ ቆርቆሮው ያፈሳል" አሉኝ። "እህቴ ስትነግረኝ ነው የኖረችው፤ ከክረምቱ በኋላ ላሠራላት ነበር። ከውጪ አይታይም። ንገረው። ሕፃኑን ከዚያ ሥር እንዳያስተኛው።"

ከዘራቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዞረው አላዩኝም። እሳቸውን ሳይ ያ የመጨረሻዬ ነበር። እኔም ትራሙ ውስጥ ገባሁ፤ ጣቢያው ጋ ወረድኩ፤ ካርድ ገዝቼ ከስልክ ሱቁ ለወንድሜ ደወልኩ። ያንን መልእክት በዚያኑ ዕለት አደረስኩ።